ባልሽን ይዘሽ ባንኮክ?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ከተጋባን ዘጠኝ ዓመት ሆነን። ሁለት ልጆች አሉን። ልጆቹን እናቴ ጋ ትተን በኅዳር መጨረሻ ለስድስት ሌሊት ባንኮክ ልንሄድ ነው። ከወለድን ወዲህ ብቻችንን ስንወጣ የመጀመሪያችን ነው። ታዲያ ገና ሳንሄድ መጨቃጨቅ ጀምረናል። እኔ በጠዋት ወጥቼ ገበያውን፣ መንገዱን፣ ቤተ መቅደሱን ማየት ነው የምፈልገው። እሱ ግን ‹ባንኮክ የማታ ከተማ ናት፤ ቀን ተኝተን ማታ እንወጣለን› ብሎ ድርቅ ብሏል። ጓደኞቼ ደግሞ ‹ባልሽን ይዘሽ ባንኮክ?› እያሉ ይስቁብኛል። ቀልድ ነው ብዬ ባልፈውም ነገሩ ከሆዴ አልወጣም። በዚያ ላይ ጾም ይገባል፤ እኔ እጾማለሁ፣ እሱ አይጾምም። ዘመድ አዝማዱ የሰጠን የዕቃ ዝርዝር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ምን ትመክሪኛለሽ? ግራ የገባኝ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ።»

እህቴ፣

እንኳን ተሳካላችሁ። ሁለት ልጅ ይዞ ዘጠኝ ዓመት ከኖሩ በኋላ ለብቻ መውጣት ቀላል ነገር አይደለም። እናትሽም ይኑሩልሽ።

አሁን ወደ ጭቅጭቁ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ባነበው የተጣላችሁበትን ነገር አጣሁት። አንቺ ገበያ ትያለሽ። እሱ ማታ ይላል። ባንኮክ ላይ እኮ ገበያውና ማታው አይለያዩም! ሰዉ ቀኑን ፀሐይ ሲሸሽ ይውልና ሲመሽ ነው ምጣዱንም፣ ወንበሩንም፣ ሸቀጡንም ይዞ መንገድ ላይ የሚወጣው። አንቺ ማየት ከምትፈልጊው ነገር ግማሹ ያለው እሱ በሚፈልገው ሰዓት ውስጥ ነው።

ጠቡ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ባልና ሚስት ባንኮክ ላይ የሚጣሉት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው። እንዴት እንደሚሆን ልንገርሽ። ጠዋት ወጥታችኋል። ሙቀቱ በኅዳርም ቢሆን 32 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ ወበቁ ልብሱን ገላ ላይ ያጣብቀዋል። የአንዱን ተረከዝ ጫማ ልጦታል። ሌላው ርቦታል፣ ግን አልተናገረም። ስልኩ ባትሪ ጨርሷል። «ቅርብ ነው ብለህ አልነበር?» ይባላል። ከዚያ በኋላ የሚነሳው ወሬ ስለ ባንኮክ መሆኑ ይቀራል። ስለ እናቱ ይሆናል፣ ስላለፈው ፋሲካ ይሆናል፣ ስለ መኪናው ዕዳ ይሆናል።

ስለዚህ ቀኑን «የእኔ» እና «የአንተ» ብላችሁ አትካፈሉት። በሙቀቱ ክፈሉት። ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ያለውን ለማንም አትስጡት። ሆቴል ግቡና ተኙ፣ ዋኙ፣ እግራችሁን አሳሹ። የታይ ማሳጅ ቤት በየመንደሩ ሞልቷል፤ ልብስ ሳያወልቁ የሚታሹት ባህላዊው ዓይነት ነው፣ ስለዚህ አትሳቀቂ። ቤተ መቅደሱ ዋት ፎ ግቢ ውስጥ ራሱ ማሳጅ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አለ፤ እዚያው ታሽቶ መውጣት ይቻላል። እነዚህ አራት ሰዓቶች ባከኑ ብለሽ እንዳትቆጪ። ከተማው ራሱ በዚያ ሰዓት ጥላ ፍለጋ ላይ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር አስቢ። ባንኮክ ከእኛ በአራት ሰዓት ትቀድማለች። እዚያ እኩለ ሌሊት ሲሆን የእናንተ ሰውነት ገና ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው፤ ልጆቹን ራት የምታበሉበት ሰዓት በይው። አንቺ ደግሞ በባንኮክ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ልነሳ ብትዪ ለሰውነትሽ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ባለቤትሽ ያሸንፍ። ተሸነፍኩ ብለሽ ሳይሆን እንቅልፉ እሱን ስለሚደግፈው ነው። ከሦስተኛው ቀን በኋላ አንቺም በጠዋት መነሳት ይቀልሻል።

በነገራችን ላይ ሰዓት ካነሳን አይቀር፦ ታዮች በንግግራቸው ምሽቱን እንደኛ ነው የሚቆጥሩት። ፈረንጅ ማታ 7 የሚለው ለእነሱም ከምሽቱ 1 ነው፣ 8 የሚለው 2 ነው። ዓመቱን ሲቆጥሩ ግን ከፈረንጁ 543 ዓመት ቀድመው ሄደዋል፤ 2026 ለእነሱ 2569 ነው። እኛ ወደ ኋላ ቀርተን፣ እነሱ ወደ ፊት ሮጠው፣ ምሽት ላይ ተገናኘን ማለት ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያ ማታችሁን ያዋራት አድርጉት። የቻይናዎች ሰፈር ነው። ዋት ማንግኮን የሚባል የምድር ባቡር ጣቢያ በ2019 ስለተከፈተለት መድረሻው ቀላል ሆኗል። ከጣቢያው ወጥታችሁ ጥቂት እንደሄዳችሁ ዋናው መንገድ ላይ ናችሁ። ወርቅ ቤቶቹ ግንባራቸው በሙሉ ቀይ ነው፤ በቻይና ፊደል የተጻፈው ማስታወቂያ ከላይ እስከ ታች በራ በራ ይላል። ከታች ደግሞ አስፋልቱ ዳር ምጣድ ተጥዷል። የሚጠብሰው ልጅ ምጣዱን ዘንበል ሲያደርገው እሳቱ ወደ ላይ ቦግ ይላል፣ ቆሞ የሚያየው ሰው ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፣ እሱ ግን ዞር ብሎም አያይም። ትንንሽ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ትቀመጣላችሁ። ጠረጴዛው ላይ አራት ነገር አለ፦ ስኳር፣ የደረቀ ቃሪያ ድቁስ፣ ቃሪያ የተነከረበት ኮምጣጤና የዓሣ ስጎ። ምግቡን እንደ ወደዳችሁት ራሳችሁ ታስተካክሉታላችሁ። ስኳሩ ለሻይ አይደለም፤ ኑድሉ ላይ ነው የሚነሰነሰው። ሰኞ ማታ ግን አትሂዱ፤ ብዙዎቹ የመንገድ ሻጮች በዚያ ቀን አይወጡም።

የባለቤትሽን ጀግንነት ደግሞ ሶም ታም ላይ ትፈትኚዋለሽ። የጥሬ ፓፓያ ሰላጣ ነው። ሴትዮዋ በሙቀጫ እየወቀጠች ቃሪያ ስንት ላድርግ ትላለች። ሐበሻ ሁሉ «ሚጥሚጣ የለመድኩ ሰው ነኝ» ብሎ ደረቱን ይነፋል። አንድ ይበል። ሁለተኛውን ነገ ይጨምራል።

ሁለተኛው ማታ ላይ ነው አንቺና እሱ የምትታረቁት። ፓክ ክሎንግ ታላት የሚባለው የአበባ ገበያ ሃያ አራት ሰዓት ክፍት ነው፤ ሞቅ የሚለው ግን ሌሊት ነው፣ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት። አበባው ከየገጠሩ በመኪና ተጭኖ የሚራገፈው በዚያ ሰዓት ነው። ያንቺ ገበያ፣ በእሱ ሰዓት። ቢጫ የአደይ አበባ ዘመድ የሚመስል ክብ ክብ አበባ በትልልቅ ላስቲክ ከረጢት ተጠቅጥቆ መንገዱ ዳር ተደርድሯል። ሴቶቹ መሬት ላይ ተቀምጠው እንደ ክንዳችን በረዘመ መርፌ የጃስሚን እምቡጥ አንድ በአንድ ይሰካሉ። አንዷ ወሬዋን ሳታቋርጥ፣ መርፌውን ሳታይ፣ ክቡን ጨርሳ ክሩን በጥርሷ ትበጥሰዋለች። ያ የአበባ ጉንጉን ለቡድሃ የሚቀርብ ነው፤ ታክሲ ነጂውም መስታወቱ ላይ ይሰቅለዋል። አንድ ገዝተሽ ክፍላችሁ ውስጥ ስቀዪው፤ በነጋታው ቢጠወልግም ሽታው ይቆያል። 

የጠዋቱ ፕሮግራም ከሦስተኛው ቀን ይጀምራል። እዚህ ላይ የምልሽን ያዢ፦ ብቻሽን ውጪ። አውቃለሁ፣ በእኛ ቤት አብረው ሄደው ለየብቻ የወጡ ባልና ሚስት «ተኳርፈው ነው» ይባላሉ። እዚያ ግን የሚያያችሁ ሰው የለም። እሱ ይተኛ። አንቺ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ፈጣን ጀልባ ይዘሽ በቻው ፕራያ ወንዝ ላይ ውጪ። ብርቱካናማ ባንዲራ ያለው ጀልባ ሕዝቡ የሚሳፈርበት ነው፣ ዋጋውም ጥቂት ባት (የታይ ገንዘብ) ነው፤ ለቱሪስት ተብሎ ከሚሸጠው ውድ ቲኬት ጋር እንዳያምታቱብሽ። መነኮሳት የሚቀመጡበት ቦታ ተለይቷል፤ ሴት ልጅ መነኩሴን አትነካም፣ አጠገባቸውም አትቀመጥም። ይሄ ለእኛ አገር ሰው ብዙም አይከብድም።

ቤተ መቅደሶቹም ላይ አትቸገሪም። ጫማ አውልቆ መግባት፣ ተሸፍኖ መግባት፣ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ሁሉንም ከቤትሽ ታውቂዋለሽ። ነጠላ ያዢ። ትከሻ ላይ ጣል ስታደርጊው ብዙ ቦታ ይበቃል። ታላቁ ቤተ መንግሥት ሲሆን ግን ይለያል። እዚያ በር ላይ የሚቆሙት ሰዎች ጥብቅ ናቸው፤ ልብሱ ራሱ እጅጌ ያለው፣ ቀሚሱም ከጉልበት በታች የወረደ ይሁን። መግቢያው ለውጭ ሰው 500 ባት ነው። ውድ ነው። ግን በ1782 ከተማዋ ስትቆረቆር የተጀመረ ግቢ ነው፤ እሱን ሳያዩ መመለስ አይሆንም። አጠገቡ ዋት ፎ አለ፤ ጋደም ያለው ቡድሃ 46 ሜትር ይረዝማል። ከእግሩ በኩል ሆነሽ ጭንቅላቱን ማየት ይቸግራል።

አሁን ማስጠንቀቂያ። ቤተ መንግሥቱ አካባቢ አንድ ደህና የለበሰ፣ ትሑት ሰው ይመጣና «ዛሬ ዝግ ነው፣ በዓል ነው፣ ከሰዓት ይከፈታል» ይልሻል። እስከዚያ ድረስ ባጃጅ በ20 ባት ከተማውን ያዞርሽ ዘንድ ይጠራልሻል። ባጃጁ፣ እነሱ ቱክቱክ ነው የሚሉት፣ የሚወስድሽ ወደ ዕንቁ ሱቅ ወይም ወደ ልብስ ሰፊ ነው። ዕንቁው ዋጋው ሰማይ ነው፣ ጥራቱ መሬት። ይሄ ማጭበርበር የቆየ ነው፣ ዛሬም ይሠራል፣ ምክንያቱም ሰውየው በጣም ጨዋ ስለሚመስል። «አመሰግናለሁ» ብለሽ ቀጥ ብለሽ በሩ ድረስ ሂጂ። ክፍት ነው።

ለመጓጓዣ ባቡሩን ተጠቀሙ። ከመንገዱ በላይ የሚሄደው ቢቲኤስ ከ1999 ጀምሮ አለ፤ ከመሬት በታች ደግሞ ኤምአርቲ። ሁለቱም እኩለ ሌሊት ገደማ ይዘጋሉ። ከዚያ በኋላ ግራብ ወይም ቦልት ስልካችሁ ላይ ጫኑ፤ በራይድና በፈረስ የለመዳችሁት ነው። ታክሲ ካገኛችሁ «ሜትር» በሉ፤ አልፈልግም ካለ ሌላ ይመጣል። ቱክቱክ አንድ ጊዜ ለፈታ ያህል ተሳፈሩ፣ ዋጋውን ግን ከመቀመጣችሁ በፊት ጨርሱ። ማታ ከ11 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ መኪና ውስጥ አትገኙ። የባንኮክ መንገድ በዚያ ሰዓት የመገናኛን ያስመሰግናል።

የጾሙ ጉዳይ ከምታስቢው በላይ ቀላል ነው። ባንኮክ ውስጥ የቡድሃ አማኞች የሚበሉት «ጄ» የሚባል ምግብ አለ። ሥጋ የለውም፣ ዓሣ የለውም፣ እንቁላልና ወተት የለውም። እንዲያውም ነጭ ሽንኩርትና ሽንኩርት ራሱ አይገባበትም፤ ከእኛ ጾም ይጠብቃል። ምልክቱን ለመለየት ታይኛ ማንበብ አያስፈልግሽም። ቢጫ ሰሌዳ ወይም ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ ተጽፏል፤ ለእኛ ዓይን 17 ቁጥር ይመስላል። ያዋራት ሰፈር ውስጥ አታጪውም። ሌላ ቦታ ስትቀመጪ «ኪን ጄ» በያቸው፣ ይገባቸዋል። ይህን ካላልሽ ግን «ሥጋ የለውም» ያሉሽ ምግብ ውስጥ የዓሣ ስጎ ወይም የተቀጠቀጠ ሽሪምፕ መኖሩ አይቀርም። እነሱ እንደ ጨው ነው የሚያዩት። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለነፍስ አባትሽ ልተወው። ማንጎ በኮኮናት ወተት ከራሰ ሩዝ ጋር የሚቀርበውን ጣፋጭ ደግሞ ሳትበዪ እንዳትመለሺ። እሱ የጾም ነው፣ ኃጢአት የሚመስለው ጣዕሙ ነው።

ወደ ጓደኞችሽ ሳቅ ልምጣ። ይሄን በቀልድ አላልፈውም፣ ምክንያቱም ደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉም የከበደሽ እሱ እንደሆነ ታየኝ።

ባንኮክ ስሟ የወጣበት ነገር አለ። ናና ፕላዛ፣ ሶይ ካውቦይና ፓትፖንግ የሚባሉ ሦስት ቦታዎች አሉ፤ ሴት ልጅ ገላዋን የምትሸጥባቸው ቡና ቤቶች የተደረደሩባቸው። በሕጉ ክልክል ነው፣ በተግባር ግን ሁሉም ሰው የሚያየው ነገር ነው። እኛ አገር ደግሞ ወሬው የሚጎላው በአንድ ምክንያት ይመስለኛል። አብዛኛው ሐበሻ ባንኮክ ሲሄድ የሚያርፈው ናና አካባቢ ነው። ለሕክምና የሚሄዱት ሰዎች የሚያውቁት ቡምሩንግራድ ሆስፒታል እዚያ ቅርብ ነው፣ እንጀራ የሚገኝባቸው ቤቶችም እዚያው ሰፈር ናቸው። ስለዚህ የታመመ አባቱን ይዞ የሄደው ሰው ሳይቀር ከሆቴሉ ወጥቶ መጀመሪያ የሚያየው ያንን ነው። ተመልሶ ሲያወራ ባንኮክ ማለት ያ ይሆናል። ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሰው የሚኖርበት አካባቢ እኮ ነው! ሦስት መንገድ ከተማውን አይሆንም።

አንደኛ፣ ሆቴላችሁን ሌላ ቦታ ያዙ። ሳቶርን ወይም ያዋራት ይሻላችኋል፤ ባቡር ጣቢያ በእግር የሚደረስበት ይሁን። እንጀራ ካማራችሁ ናና ሄዳችሁ በልታችሁ ተመለሱ።

ሁለተኛ፣ ባልሽን አትመርምሪው። ንገሪው። «ጓደኞቼ እንዲህ ብለው ሳቁብኝ፣ እኔም ትንሽ ከበደኝ» በይው፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ስልክ ሳትይዙ። ከዚያ «ማታ ስትል ምን ምን እያሰብክ ነው?» ብለሽ ጠይቂው። አሥር ለአንድ የምወራረድሽ መልሱ ሙዚቃ፣ ቢራና የመንገድ ምግብ ነው። ባለትዳር ወንድ ሚስቱን ይዞ «ማታ እንውጣ» ሲል ብዙ ጊዜ የሚለው ቃል በቃል ያንን ነው፤ አብረን እንውጣ። ልጆች ከተወለዱ ወዲህ ማታ አብራችሁ የወጣችሁት መቼ ነበር? እሱ የናፈቀው አንቺን ሊሆን ይችላል። መልሱ ሌላ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የባንኮክ አይደለም፣ አዲስ አበባ ላይ ነው የምታወሩት፣ ከመሳፈራችሁ በፊት።

ሦስተኛ፣ በእነዚያ መንገዶች ማለፍ ካማራችሁ አብራችሁ እለፉ። ብዙ ባልና ሚስት፣ ሽማግሌ ቱሪስት ሳይቀር፣ ያልፋል። ፓትፖንግ መሐል ላይ የማታ ገበያ አለ። ግን ምስል የታተመበት ካርድ እያሳየ «ፎቅ ላይ ትዕይንት አለ፣ መግቢያው በነጻ» የሚላችሁን ሰው አትከተሉ። ሂሳቡ ሲመጣ ነጻው ነገር ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ በሩ ላይም ጎረምሶች ቆመዋል። ደግሞ እዚያ የሚሠሩትን ሴቶች ፎቶ አታንሱ። የማን ልጆች እንደሆኑ አታውቁም።

ለእሱ የሚሆነው ማታ ብዙ ነው። በቪክቶሪ ሞኑመንት ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሳክሶፎን የሚባል ከ1987 ጀምሮ ያለ ቤት አለ። በየምሽቱ ጃዝና ብሉዝ በቀጥታ ይጫወቱበታል፣ ብርሃኑ ደብዘዝ ያለ፣ የሚደነስ ሳይሆን የሚደመጥበት ቤት ነው። ቡጢ የሚወድ ከሆነ ራጃዳምነርን ስታዲየም ሄዶ ሙዋይ ታይ የሚባለውን የታይ ቡጢ ይይ፤ በ1945 የተከፈተ ነው። ተፋላሚዎቹ ከመጀመራቸው በፊት ተንበርክከው መምህራቸውን የሚያመሰግኑበት ጭፈራ አለ፣ አንቺም ለዚያ ስትዪ ሂጂ። ፎቅ አናት ላይ ያሉት ባሮች ውድ ናቸው፣ በነጠላ ጫማና በቁምጣም አያስገቡም። አንድ መጠጥ ለሁለት ጠጥቶ እይታውን አይቶ መውረድ ነውር የለውም። ካዎ ሳን መንገድን ግን እኔ አልወደውም። ጩኸት ነው፣ የተጠበሰ ጊንጥ በእንጨት ሰክቶ ፎቶ የሚነሳ ጎረምሳ የሞላበት። ሃያ ዓመት ቢሆናችሁ ሌላ ነገር ነበር።

ማታ የምትገናኙበትን ቦታ ደግሞ ልጠቁምሽ። ሉምፒኒ ፓርክ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ። መግቢያ አይከፈልም። ሰው ይሮጣል፣ ሐይቁ ዳር ከእኛ እንሽላሊት መቶ እጥፍ የሚበልጥ እንስሳ ወዝወዝ እያለ ይሄዳል፤ አይነካችሁም፣ አትንኩት። ልክ 12 ሰዓት ሲሆን የሕዝብ መዝሙሩ በድምፅ ማጉያ ይለቀቃል። የሚሮጠውም፣ ሕፃን የሚገፋውም፣ ባለበት ቀጥ ብሎ ይቆማል። እናንተም ቁሙ። መዝሙሩ ሲያልቅ ሩጫው ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ጠዋት 2 ሰዓትም እንዲሁ ነው። ንጉሡን በተመለከተ ቀልድ የለም፤ ሕጉ ያስራል፣ ለውጭ ሰውም ምሕረት የለውም። ባለቤትሽ ቬፕ የሚያጨስ ከሆነ እቤት ይተወው፣ ታይላንድ ውስጥ የተከለከለ ነው።

የሎይ ክራቶንግ በዓል ደግሞ ከጉዟችሁ ጋር ይገጥም እንደሆነ እዩ። በታዮች የጨረቃ አቆጣጠር በአሥራ ሁለተኛው ወር ሙሉ ጨረቃ ላይ ነው የሚውለው፣ ብዙ ጊዜ በፈረንጆቹ ኖቬምበር። ሰዉ በሙዝ ግንድ ቁራጭ ላይ አበባ፣ ሻማና ዕጣን አድርጎ ወንዝ ላይ ይለቃል። ከገጠማችሁ የዚያን ማታ ሌላ ፕሮግራም አትያዙ።

የዘመድ ዝርዝር ቀረን። «እግረ መንገድሽን» የሚባለው ነገር እግረ መንገድ ሆኖ አያውቅም። ከመሄድሽ በፊት ቁርጡን ተናገሪ፦ ለአንድ ሰው አንድ ዕቃ፣ ገንዘቡ በቅድሚያ። የሚቀየም ይቀየማል፣ እስከ ገና ይረሳዋል። ግዢውን በአንድ ጠዋት ጨርሺው፣ ፕራቱናም ሄደሽ። ከአዲስ አበባ ለልብስ ንግድ የሚመላለሱ ሰዎች የሚያውቁት የጅምላ ሰፈር ነው። ውጪው ከሞቀሽ ፕላቲነም የሚባለው ሕንፃ ውስጥ ግቢ፣ ይቀዘቅዛል። አብዛኛው ሱቅ ሦስት ስትገዢ የጅምላ ዋጋ ያደርግልሻል፤ ስለዚህ ለሦስት አክስት ሦስት ሸሚዝ። ክርክር አለ፣ ግን እንደ መርካቶ አይደለም። ጥቂት ይቀንሱልሻል፣ ፈገግ ብለሽ ትቀበያለሽ፣ ድምፅ ከፍ ካደረግሽ ነገሩ ያኔውኑ ያበቃል። ጠዋት የምልሽ ለሌላም ምክንያት ነው። ባንኮክ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ፎቶ በቴሌግራም ብትልኪም ተኝተዋል። «ትንሽ ጠቆር ያለው የለም?» የሚልሽ ሰው የለም።

ቻቱቻክ የሚባለውን ገበያ ከዚህ ጋር እንዳትቀላቅይው። እሱ የእናንተ ነው። ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው፤ ስድስት ሌሊት ስለምታድሩ አንዱ ቀን ይገጥማችኋል። ከ15 ሺህ በላይ ሱቅ አለበት፣ በ27 ክፍል የተከፈለ። በ3 ሰዓት ግቡ፣ በ6 ሰዓት ውጡ። ያማረሽን ነገር «ዞሬ እመለሳለሁ» ብለሽ አትለፊው፣ ሱቁን ደግመሽ አታገኚውም። ባልሽንም ልታጪው ትችያለሽ፤ መሐሉ ላይ የሰዓት ማማ አለ፣ ከተጠፋፋችሁ እዚያ ጠብቂኝ በይው።

የመጨረሻው የወረቀት ሥራ ነው፣ እሱን ለባለቤትሽ ስጪው። ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ አሥር ቀን ቀድማችሁ ውሰዱ። ከግንቦት 2025 በፈረንጆቹ ጀምሮ ደግሞ ማንኛውም የውጭ አገር ሰው ታይላንድ ከመግባቱ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ የመግቢያ ቅጽ ኦንላይን ይሞላል። በነጻ ነው። ገንዘብ ክፈሉ የሚል ገጽ ካጋጠመው ይዝጋው፣ የመንግሥት አይደለም። የቪዛው ደንብ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ከታይላንድ ኢ-ቪዛ ገጽ ላይ አሁኑኑ ይየው እንጂ አምና የሄደ ጓደኛውን አይጠይቅ።